የጐንደር ኖራና ራሱን የሚጠግነው ኮንክሪት
(ትችት)

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የምሕንድስና ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ወሬ ይሰማል። ወሬውም «ራሱን በራሱ የሚጠግን ኮንክሪት ተገኝቷል» የሚል ነው። የሚሰነጠቀው ድልድይ፥ የሚያንጠባጥበው የውሃ ማጠራቀሚያ፥ የሚላላጠው የመንገድ ዳር ግንብ ከእንግዲህ ወዲህ ግንበኛ ሳይጠራለት ቍስሉን እንደ ሰው ገላ ራሱ ያሽራል ይባላል። ነገሩ ባዶ ወሬ አይደለም፤ በላቦራቶሪ የተፈተነ፥ በአንዳንድ አገሮችም በተግባር የተሞከረ ነው። ይሁን እንጂ ከላቦራቶሪው አንሥቶ እስከ ሕዝብ ሥራ ድረስ ያለውን መንገድ ሳይለኩ «ለእኛም ይምጣልን» ማለት ለምርምር ሰው የሚገባ አይመስለንም።

ሐተታችንን ከጐንደር አራዳ እንጀምራለን። በዚያ ሰፈር የቆመ ሰው ፊቱን ወደ አንድ ወገን ቢያዞር በ17ኛው መቶ ዓመት በድንጋይና በኖራ የተገነባውን የፋሲል ግቢ ያያል፤ ወደ ሌላው ቢያዞር ደግሞ በ1930ዎቹ ጣሊያኖች በሲሚንቶና በፌሮ ያቆሟቸውን ቤቶች ያያል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስለዚህ አራዳ ማንም ሳያስበው የሁለት ዐይነት ግንብ መፈተኛ ሆኖ ይኖራል። አንደኛው አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረው ጥቂት ነው፤ ሁለተኛው ዕድሜው ወደ ዘጠና ዓመት ተጠግቷል። ስለ አዲሱ ኮንክሪት የሚነገረውን ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ራሱን የሚጠግን ግንብ አለ፤ ነገር ግን የሚጠግነው ጠባቡን፥ መንቀሳቀሱን ያቆመውንና ውሃ ያገኘውን ስንጥቅ ብቻ ነው። የሕዝብ ሥራዎቻችንን የሚጥላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ በሽታ ነው። ስለዚህ አዲሱን ነገር ጠባቂንና ግንበኛን የሚያስቀር መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ ገንዘብንም ዕውቀትንም ያስጠፋል።

1ኛ፤ ነገሩ ምንድን ነው?

ኮንክሪት ከሲሚንቶ፥ ከአሸዋ፥ ከጠጠርና ከውሃ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ነው። ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ፌሮ የሚገባበትም ይህን መሳብ እንዲችልለት ነው። ስለዚህ አርማታ ተሰነጠቀ ብሎ ወዲያው መደንገጥ አይገባም፤ የምሕንድስና ደንቦችም እንደ ቦታው ሁኔታ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር የሚደርስ ስንጥቅ ይፈቅዳሉ። አደጋው የሚመጣው ስንጥቁ ውሃና አየር ወደ ፌሮው የሚገቡበት በር ሲሆን ነው። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥም በላዩ ያለውን ኮንክሪት ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ተራው ኮንክሪት ራሱ ጥቂት የመሻር ኃይል አለው። በውስጡ ከውሃ ጋር ሳይዋሐድ የቀረ የሲሚንቶ ቅንጣት ይገኛል፤ ነጻ ኖራም ይገኛል። በስንጥቁ ውስጥ ውሃ ሲገባ ያ ያልተዋሐደው ቅንጣት ሥራውን ይጀምራል፤ ነጻው ኖራም በውሃው ሟሙቶ ወደ ስንጥቁ ይወጣና ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ ካልሲየም ካርቦኔት፥ ማለት የኖራ ድንጋይ፥ ይሆናል። በዚህ መንገድ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር የሚሆን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሊዘጋ ይችላል። ይህም ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የታወቀ ነው። እንግዲህ «ራሱን የሚጠግን» የሚለው ስም ዛሬ የተፈጠረ ጠባይ ስም አይደለም፤ የዛሬዎቹ ሊቃውንት ያደረጉት በተፈጥሮ ያለውን ትንሹን ኃይል ማሳደግ ነው።

ከማሳደጊያው መንገድ ሁሉ ዝናው የገነነው የባክቴሪያው ነው። በሆላንድ አገር በዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ሄንክ ዮንከርስ የተባሉት የጥቃቅን ሕይወት ሊቅ ከ2006 ገደማ ጀምሮ ባሲለስ የተባለውን የባክቴሪያ ወገን ከምግቡ፥ ከካልሲየም ላክቴት ጋር፥ በኮንክሪት ውስጥ አስቀመጡት። ይህ ባክቴሪያ የሲሚንቶን ቃጠሎ የሚችል ከመሆኑም በላይ በደረቅ ቦታ እንደ ዘር ጠንክሮ ለረዥም ዘመን ተኝቶ ይቆያል። ኮንክሪቱ ተሰንጥቆ ውሃ ሲገባ ይነቃል፤ ምግቡን ይበላል፤ በመብላቱም የኖራ ድንጋይ ይጥላል። በላቦራቶሪ እስከ 0.8 ሚሊሜትር የሚደርስ ስንጥቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መዝጋቱ ታይቷል። ሌሎችም ፈዋሹን ፈሳሽ በጥቃቅን ከረጢት እያሸጉ፥ ወይም በውስጥ በተዘረጋ ቀጭን ቱቦ እያሳለፉ ይሞክራሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ውሃ ከሌለ ፈውስ የለም። ባክቴሪያውም ያለ ውሃ አይነቃም፤ ኖራውም ያለ ውሃ አይሟሟም። የጐንደር ደጋ ዝናሙን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ በኋላ ረዥም በጋ ይከተላል። ስለዚህ ለዝናም በተጋለጠ ግንብ ላይ ፈውሱ የክረምት ሥራ ይሆናል፤ ጣራ ባለው ቤት ውስጥ ያለ ስንጥቅ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደ ተከፈተ ሊኖር ይችላል።

2ኛ፤ የት ተሠራበት?

በላቦራቶሪ የታየው ነገር በሕዝብ ሥራ ላይ ምን ያህል ውሏል? ቅንዓቱ የሚቀዘቅዘው እዚህ ላይ ነው። ከሆላንድ የመጀመሪያ ሥራዎች መካከል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በሐይቅ ዳር ያለ፥ ዋናተኞችን የሚጠብቁ ሰዎች የሚቀመጡበት ትንሽ ቤት ነው። በብሪታንያ የካርዲፍ፥ የባዝና የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድነት ሆነው በ2015 በዌልስ በሚሠራ ትልቅ መንገድ አጠገብ የሙከራ ግንቦች አቁመው፥ ሆን ብለው ሰነጠቋቸውና የተለያየውን የፈውስ ዘዴ አነጻጸሩ። እነዚህ ግንቦች የቆሙት ለመለካት እንጂ መንገዱን እንዲሸከሙ አልነበረም።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የኤኳዶር ነው። በ2014 በአንዲስ ተራሮች ላይ፥ ገበሬዎች እርሻቸውን በሚያጠጡበት ረዥም ቦይ ላይ፥ ጥቂት ሜትር ያህሉ በባክቴሪያ ኮንክሪት ተለበደ። አገሩ እንደ ጐንደር ደጋ ከፍ ያለ ነው፤ ሥራው የገበሬ ሥራ ነው፤ ችግሩም የሚያንጠባጥብ ቦይ ነው። ቢሆንም «ጥቂት ሜትር» የሚለውን ቃል አንባቢ ሳይዘለው እንዲያነበው እንለምናለን። ጥቂት ሜትር ቦይ መሥራት ነገሩ ከላቦራቶሪ ውጭ ሊቦካና ሊፈስስ መቻሉን ያሳያል፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የጥገናን ወጪ ይቀንስ እንደሆነ ግን አያሳይም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሥራዎች የምንማረው የወሬውን ያህል አይደለም። በተግባር የዋለው ኮንክሪት ጠባዩን የሚያሳይበት ቦታ ውሃ ያለበት፥ ጠጋኝ በቀላሉ የማይደርስበት፥ ዋናው ጥፋት መንጠባጠብ የሆነበት ቦታ ነው። የውሃ ማጠራቀሚያ፥ ከመሬት በታች ያለ ግድግዳ፥ የመስኖ ቦይ ለዚህ ይስማማሉ። በሜዳ ላይ ያለ፥ ማንም ሊያየውና ሊነካው የሚችል የድልድይ አጥር ወይም የመንገድ ዳር ግንብ ግን ይህን ያህል ዋጋ ሊወጣበት አይገባም። ዋጋው ከተራው ኮንክሪት እጅግ ይበልጣልና፤ ለእኛም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው።

3ኛ፤ የአራዳው ምስክር

አሁን ወደ ግቢው እንመለስ። ኖራ ለግንብ መዋል የጀመረው ጐንደር ከመቈርቈሯ ጥቂት ቀደም ብሎ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እንደ ነበረ የኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች መዝግበዋል፤ በ1620ዎቹ መጀመሪያ ከሕንድ የመጣ አንድ ባለሙያ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ አሳየ ይላሉ። በ1626 ገደማም በጢስ ዐባይ አጠገብ የአላታ ድልድይ ተሠራ። ዐፄ ፋሲል በ1636 ገደማ መቀመጫቸውን ጐንደር ላይ ሲያደርጉ ይህን ጥበብ ወረሱ። ስለዚህ ኖራ በአገራችን የመጀመሪያ ታሪኩ የቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ የድልድይ፥ ማለት የሕዝብ ሥራ ታሪክም ነው።

የኖራ ሥራ እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቅቃል፤ ቀሪው በውሃ ሲርስ እየፈላ ይፈረካከስና ለስላሳ ሊጥ ይሆናል፤ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋይ መካከል ሲገባም ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ቀስ በቀስ እየመለሰ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ይህ መመለስ ከግንቡ ፊት ጀምሮ ወደ ውስጥ የሚሄድ ስለሆነ በወፍራም ግንብ ውስጥ ዓመታትን ይወስዳል። በመካከሉ ግንቡ ቢሰነጠቅ፥ በውስጡ የቀረውን ኖራ የዝናም ውሃ ያሟሟውና ወደ ስንጥቁ አምጥቶ ያደርቀዋል። በክረምት ማግስት ወደ አሮጌ የኖራ ግንብ ቀርቦ የተመለከተ ሰው በቀጭን ስንጥቆች ላይ ነጭ ክር የመሰለ መሥመር ሊያይ ይችላል።

የባሕር ማዶ ሊቃውንትም ዛሬ ወደ አሮጌው ኖራ ተመልሰዋል። በ2023 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አድሚር ማሲችና ባልደረቦቻቸው ፕሪቬርኑም ከተባለች ከጥንት የሮማውያን ከተማ የተገኘ ኮንክሪት መርምረው፥ ቀድሞ «በደንብ ያልቦካ ነው» ተብሎ የሚናቀው ነጩ የኖራ እብጠት ለፈውስ የሚያገለግል የኖራ ስንቅ መሆኑን አመለከቱ። በዚያው አኳኋን ቦክቶ ሆን ተብሎ የተሰነጠቀው የሙከራ ኮንክሪት በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃ ማሳለፉን ሲያቆም፥ ያለ እብጠቱ የተሠራው ግን ማሳለፉን ቀጠለ። ነውር የተባለው ነገር መድኃኒት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «የጐንደር ግንብም እንደ ሮማው ነው» ብሎ መዝለል አይገባም። የሮማው ኖራ ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር የተዋሐደ ነው፤ የእኛው ምን እንደ ተቀላቀለበት ከየግንቡ ናሙና እየተወሰደ ሊነገር ይገባዋል እንጂ በመመሳሰል ብቻ አይፈረድም። ነጩ መሥመርም ራሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከሲሚንቶ ጥገና የወጣ ጨው ሊሆን ይችላል። የኖራ ድንጋይም ቢሆን ስንጥቁን ዘጋ ማለት ግንቡን አጠነከረ ማለት አይደለም፤ ማሸግና ማጠንከር ሁለት ነገሮች ናቸው። በዚህ ረገድ የአሮጌው ኖራ አድናቂዎችም፥ የአዲሱ ባክቴሪያ አድናቂዎችም አንድ ስሕተት ይሠራሉ፤ የተዘጋውን ሁሉ የዳነ ይሉታል።

የፋሲል መዋኛ ይህን ሁለት ገጽታ በአንድነት ያሳያል። መዋኛው ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ በዓሉ ሲያልፍ ውሃው ይለቀቃል። መርጠብና መድረቅ መፈራረቁ ኖራ ስንጥቁን እንዲዘጋ ከሚረዱት ነገሮች ዋናው ነው። ነገር ግን ያው ውሃ እየሄደ ሲታጠብ ኖራውን ከመገጣጠሚያው ፈልቅቆ ይወስዳል። ውሃ ሰጪም ነው፥ ነሺም ነው። በዙሪያው ባለው አጥር ላይ ደግሞ ትልልቆቹ ዛፎች ሥራቸውን በድንጋዩ መካከል ሰድደዋል፤ ሥር የከፈተውን ኖራ አይዘጋውም። ስለዚህ መዋኛው እስከ ዛሬ የቆየው ኖራው ራሱን ስለጠገነ ብቻ ነው የሚል ሰው፥ ውሃውን የሚሞላውን፥ የሚለቅቀውን፥ የሚጠርገውንና የሚጠግነውን እጅ ሁሉ ረስቶታል።

4ኛ፤ ለአንዱ መድኃኒት፥ ለሌላው መርዝ

በአራዳ ጐን ለጐን የቆሙት ሁለቱ ግንቦች ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምሩን በዚህ ነጥብ ነው። ለኖራ ግንብ አየር መድኃኒቱ ነው፤ ከአየር በሚያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድንጋይ ይሆናል፥ ስንጥቁንም ይዘጋል። ለአርማታ ግን ያው አየር የፌሮው ጠላት ነው። ጤነኛ ኮንክሪት ቃጠሎ ያለው በመሆኑ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቀዋል፤ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ሲሄድ ያ ቃጠሎ ይበርዳል፥ ፌሮውም ራቁቱን ይቀራል። እንግዲህ አንድ ነገር በአንዱ ግንብ ፈዋሽ፥ በሌላው አጥፊ ሆኖ ይሠራል። «ራሱን የሚጠግን» የሚለውን ስም ለሁለቱም አንድ አድርጎ መስጠት የሚያሳስተው ስለዚህ ነው። በኖራ ግንብ ፈውሱ ለግንቡ ሁሉ ነው፤ በአርማታ ግን ፈውሱ እሽቅድምድም ነው፤ ስንጥቁ ዝገት ከመጀመሩ በፊት ካልተዘጋ ዋጋ የለውም።

ይህን ሳያስተውሉ አንዱን በሌላው መጠገን ምን እንደሚያስከትል ጐንደር አይታለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከግቢው ሕንጻዎች አንዳንዶቹ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ። በጊዜው ጥገናው ጠንካራ መስሎ ታይቶ ይሆናል። ነገር ግን ሲሚንቶ ከኖራ የጠነከረ፥ ውሃንም በቀላሉ የማያስተነፍስ ስለሆነ ግንቡ የጠጣው ውሃ መውጫ ሲያጣ በአሮጌው ኖራና በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ጨውም ይዞ ይወጣል፤ ጠንካራው ጥገና እንደ ቆመ በዙሪያው ያለው ደካማው ይረግፋል። ፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ ዘመን ወዲህ በተደረጉት የጥገና ሥራዎችም የማይስማማውን ሲሚንቶ እያነሡ በኖራ የመተካት ጥረት ተደርጓል። ጠንካራው መጥቶ፥ ደካማ የተባለው ተመልሶ ተፈለገ ማለት ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለአዲሱም ኮንክሪት የሚያገለግል ነው። ጠጋኝ ነገር መመዘን ያለበት በራሱ ብርታት ብቻ ሳይሆን ከሚጠገነው ጋር ባለው ስምምነት ነው። የባክቴሪያ ምርጊት ለአሮጌው የኖራ ግንብ ቢቀርብ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ያህል ይጠነክራል?» ሳይሆን «ግንቡ በእርሱ በኩል ይተነፍሳልን?» የሚለው ነው።

5ኛ፤ የማይሽሩ ስንጥቆች

ስለ ጐንደርና ስለ አካባቢው የሕዝብ ሥራዎች ሲነገር ጥፋቱ ሁሉ ስንጥቅ እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ጥቂት ምሳሌዎች እንመልከት።

በሞጣ አቅጣጫ ዐባይን የሚሻገረው፥ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ድልድይ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ መካከሉ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት ከወዲህና ከወዲያ በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። በ2002 ገደማ ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ፤ ኋላም ጐርፍ ስለጐዳው በአካባቢው የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። የቀሩት ቅስቶች ለዘመናት በኖራቸው ቆመዋል፤ ያን ክፍተት ግን የትኛውም ኖራ፥ የትኛውም ባክቴሪያ ሊዘጋው አይችልም ነበር። የጠገነው ሰው ነው፤ የቀዘፈው፥ ገመድ የሳበው፥ ብረት የተሸከመው ሰው።

በጐንደር ከተማ ውስጥና በአዘዞ በኩል ዋልካ አፈር ይገኛል። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ በበቂ መሠረት ሳይቆም የቀረ ግንብ በየዓመቱ ይከፈታል፥ በየዓመቱም ይገጥማል። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ በሕይወት ያለ ስንጥቅ ልንለው እንችላለን። በክረምት የተፈጠረው ቀጭን የኖራ ድልድይ በበጋ ይሰበራል፤ ባክቴሪያውም ምግቡ እስኪያልቅ ደክሞ ይቀራል። እንደዚህ ያለ ግንብ የሚፈልገው ከሥሩ ውሃን የሚያርቅ ቦይና ጥልቅ መሠረት ነው እንጂ ፈዋሽ ኮንክሪት አይደለም።

የአንገረብ ግድብ ደግሞ ጐንደር የምትጠጣውን ውሃ ለማጠራቀም የተሠራ የአፈር ግድብ ነው። የታወቀው ችግሩ ስንጥቅ አይደለም፤ ከላይ ካለው ተዳፋት እየታጠበ የሚገባው ደለል ነው። ደለል የሚከለከለው በእርከን፥ በዛፍና በሣር፥ ከብትን ከተዳፋቱ በመጠበቅ ነው። ግድቡን በዓለም ካለው ኮንክሪት በተሻለው ብንሠራውም ኖሮ ደለሉ አይቀርም ነበር።

ተቃራኒውንም ምሳሌ አለመጥቀስ አድልዎ ይሆናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከፍታው 145 ሜትር የሚሆን፥ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚበልጥ ኮንክሪት የፈሰሰበት ሥራ ነው። እንዲህ ባለ ግዙፍ አካል ውስጥ ውሃ በኃይል እየገፋ በቀጭን ስንጥቅ ሲያልፍ፥ በብዙ የዓለም ግድቦች እንደ ታየው ፍሳሹ በራሱ እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። እንዲሁም በአገራችን በብዛት የሚሸጠው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ሥራውን ቀስ ብሎ ስለሚፈጽም ለዘገየ ፈውስ የሚሆን ስንቅ በውስጡ ይቀራል። እንግዲህ የመሻር ኃይል ያለው ነገር በየሱቁ በከረጢት ይሸጣል ማለት ነው፤ በሚገባ አንሠራበትም እንጂ።

በሚገባ አንሠራበትም ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ፥ በጆንያ ተሸፍኖ መቆየት እንዳለበት ማንም ተማሪ በፈተና ላይ ይጽፋል። በሥራው ቦታ ግን ውሃ ተወድዷል፥ ወይም ቀኑ ደርሷል እየተባለ ስንት ጊዜ ይታለፋል! በልጅነቱ ውሃ የተነፈገ ኮንክሪት በፀሐይ ተኰማትሮ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ ስንጥቅ መድኃኒት ከባሕር ማዶ እናፈላልጋለን።

6ኛ፤ ለእኛ የቀረልን ሥራ

ትችት ብቻ ጽፎ መለየት ቀላል ስለሆነ በበኩላችን መደረግ የሚገባውን ጥቂት እንጨምራለን።

አንደኛ፥ እኛ ተማሪዎች ኮንክሪትን የምንፈርደው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ተጨምቆ በሚሰጠው ጥንካሬ ነው። ይህ አስፈላጊ ቢሆንም ስለ ስንጥቅ ዕድሜ የሚነግረን ነገር የለም። በጐንደር ከተማ በጥቂት የሕዝብ ሥራዎች ላይ፥ ማለት በጐርፍ መውረጃ ቦዮች፥ በደጋፊ ግንቦችና በውሃ ማጠራቀሚያዎች ላይ፥ ስንጥቆችን መርጦ ስፋታቸውን በሰኔና በጥር እየለኩ መመዝገብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በስንጥቁ ላይ የጅብሰም ምልክት ቢለጠፍ ስንጥቁ የተንቀሳቀሰ እንደሆነ ምልክቱ ይሰበራል። በሁለት ዓመት ውስጥ የትኛው ስንጥቅ በሕይወት እንዳለ፥ የትኛው እንዳረፈ እናውቃለን። ይህን ሳያውቁ ስለ ፈዋሽ ኮንክሪት መነጋገር በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው። በቅርሶቹ ላይ ግን ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ምንም መለጠፍ፥ ናሙናም መውሰድ አይገባም።

ሁለተኛ፥ ኖራን ማቃጠል፥ ማርጠብና መመረግ የእጅ ዕውቀት ነው፤ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ሊጡን ምን ያህል ጊዜ አርጥቦ ማቆየት እንደሚገባ፥ በየትኛው ወር መመረግ እንደሚሻል፥ ምርጊቱ በፀሐይ እንዳይደርቅ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያውቁት በየጥገናው ላይ የሠሩ ግንበኞች ናቸው። ጥገናው ባለቀ ቍጥር ባለሙያው ተበትኖ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉም እንደ አዲስ ከተጀመረ ከተማዋ ያላት ራሱን የሚጠግን ግንብ ሳይሆን ራሱን የሚረሳ ሙያ ይሆናል። ስለ እድሳት ሲነገር ብዙ ጊዜ ክርክሩ ስለ ግንቡ መልክ ነው፤ ነጣ፥ ጠቈረ ይባላል። ከመልኩ ይልቅ «ዘንድሮ የመረገው ሰው የዛሬ አምስት ዓመት ሊመለከተው ይመለሳልን?» ተብሎ ቢጠየቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፥ አዲሱ ኮንክሪት ፈጽሞ አይሞከር አንልም። ቢሞከር ግን እጅ በማይደርስበት፥ ውሃ ባለበት፥ ስንጥቁም ባረፈበት ቦታ፥ እንደ ኤኳዶሩ በጥቂት ሜትር፥ ከጐኑ በሚገባ ውሃ የጠጣ ተራ ኮንክሪት ለማነጻጸሪያ ቆሞለት ይሞከር። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ማስታወቂያ እንጂ ምርምር አይባልም። ማነጻጸሪያውም በግዴለሽነት የተሠራ ከሆነ አዲሱ ነገር የሚያሸንፈው ኮንክሪትን ሳይሆን የእኛን ስንፍና ነው።

መደምደሚያ

የፋሲል ግቢ በመሬት መንቀጥቀጥ፥ በቃጠሎና በ1941 በወረደው ቦምብ አልፎ ለእኛ ደርሷል። ኖራው በየክረምቱ ጥቂቱን ስንጥቅ እየዘጋ ድርሻውን ተወጥቷል፤ ትልቁን ስንጥቅ ግን የዘጋው ሰው ነው። ሽማግሌዎቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ይህ ቃል ለዕርቅ የተነገረ ቢሆንም ለግንብም ይሠራል። ኖራ በእርጥቡ ይሽራል፤ ኮንክሪት በእርጥቡ ይጠነክራል፤ ስንጥቅም ገና እንደ ፀጉር ሳለ ቢታይ በአንድ ማንኪያ ምርጊት ይድናል። አዲሱ ኮንክሪት ይህን ሥራ ሊያግዘን ይችላል። ግንቡን ዞሮ የሚያየውን ሰው ግን አይተካም፤ ያ ሰው ከጠፋ ራሱን የሚጠግነው ግንብ እንኳ የት ቦታ መጠገን እንዳቃተው የሚነግርለት አያገኝም።